ኮንቴነር ሱቅ ከስሩ በምን ይዘጋ? ብሎኬት፣ ቆርቆሮ እና ሸራ ሲነጻጸሩ

አዳማ ላይ ኮንቴነር ሱቅ ያለው ሰው በጋ ሲገባ ችግሩን ያውቀዋል። ኮንቴነሩ ድንጋይ ወይም ብሎኬት ላይ ስለሚቀመጥ ከስሩ ክፍት ነው። ነፋሱ በዚያ ይገባና በወለሉ ስንጥቅ አቧራውን ወደ ላይ ይተፋዋል። ጠዋት ሱቁ ሲከፈት ታችኛው መደርደሪያ ላይ ያለው ብስኩትም ሳሙናም አፈር ለብሶ ይጠብቃችኋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ደግሞ ብርዱ ከወለሉ ተነስቶ እግር ይይዛል። የአዳማ ነፋስ ቀላል አይደለም። ከተማው ዳር ካሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች አዳማ 2 ብቻውን 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው።

ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ። ባለ 20 ጫማ ኮንቴነር ርዝመቱ 6 ሜትር ከ6 ሳንቲም፣ ወርዱ 2 ሜትር ከ44 ነው። ዙሪያው 17 ሜትር ይመጣል ማለት ነው። ከፍታውን ግን በአራቱም ማዕዘን ለኩት፤ መሬቱ እኩል ስለማይሆን አንዱ ጋ 30 ሳንቲም የነበረው ሌላው ጋ 45 ሊሆን ይችላል።

ብሎኬት ጠንካራው ነው። አይጥም ውሻም አያስገባም። ክፍተቱ 40 ሳንቲም ከሆነ ሁለት ረድፍ፣ ወደ 85 ብሎኬት ይበቃል። ሲሚንቶ፣ አሸዋና የግንበኛ ዋጋ ሲጨመርበት ግን ከሦስቱ ውዱ እሱ ነው። መሠረት ሳይወጣለት ልቅ አፈር ላይ ከተደረደረ ደግሞ ክረምት ላይ ጎርፉ ስሩን ይበላዋል። ቦታው የኪራይ ከሆነ አልመክርም። ነገ ተነሱ ብትባሉ ኮንቴነሩ በክሬን ይሄዳል፣ ግንቡ ለባለቦታው ይቀራል። ቦታው የራሳችሁ ከሆነ ግን ገንቡት። አየር መውጫ መተው አትርሱ፤ ከስር የታፈነ እርጥበት ብረቱን ያዝገዋል፣ የወለሉን ኮምፔርሳቶም ያበሰብሰዋል። በየጎኑ አንድ ሁለት ብሎኬት አጋድማችሁ ቀዳዳውን ወደ ውጭ አዙሩት፣ ከውስጥ ወንፊት ሽቦ አድርጉበት።

ቆርቆሮ ብዙ ሰው የሚመርጠው ነው፤ ቶሎ ይገጠማል፣ በየሰፈሩም ይገኛል። ጌጁን ግን ጠይቁ። ቁጥሩ ሲያንስ ውፍረቱ ይጨምራል፤ 35 ስስ ነው፣ 28 ወፍራም። ስሱ የአዳማን ነፋስ አይችልም። ሌሊቱን ሙሉ ሲንኳኳ ያድርና ምስማሩ ያለበት ቦታ እየሰፋ ይቀደዳል። የታችኛው ጠርዙም ያሳስበኛል። አፈር ከነካ ይዝጋል፣ ካልነካ አቧራው በዚያው ይገባል። ሱቁ በር ላይ ሕፃናት የሚጫወቱ ከሆነ ጠርዙ ሳይታጠፍ እንዳይገጠም፤ እግር ይቆርጣል።

ለአብዛኛው ሰው የምመክረው የጭነት መኪና ሸራ ነው። አዳማ የጅቡቲ መንገድ ላይ ናትና ሸራውም ሸራ ሰፊውም አይጠፋም። ያገለገለ ብትገዙም ይሆናል። አጥፋችሁ እዩት፤ እጥፋቱ ላይ ነጭ ስንጥቅ ካወጣ ፀሐይ ጨርሶታል። ጠርዙን ደግሞ ገለጥ አድርጉ፤ በላስቲኩ መሃል የክር ሽመና መታየት አለበት። ሰማያዊው ስስ ሸራና የማዳበሪያ ጆንያ ርካሽ ናቸው፣ ግን ፀሐዩ ቶሎ ይበጣጥሳቸዋል። እነሱ ላይ ገንዘብ አታጥፉ።

ሸራ የሚሸነፈው ከታች ነው። ከላይ የቱንም ያህል ቢጠብቅ ታችኛው ጠርዝ ልቅ ከሆነ ነፋሱ እንደ ባንዲራ ያውለበልበዋል። ስለዚህ ሸራ ሰፊው ከታች እጥፍ አድርጎ እንደ ቱቦ ይስፋው። በዚያ ውስጥ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ አስገቡ። አንድ ሜትሩ ወደ 900 ግራም ስለሚመዝን ዙሪያውን 15 ኪሎ ያህል ክብደት ይይዘዋል። 20 ሳንቲም ያህል ትርፍ ሸራም መሬት ላይ ተኝቶ ይቅር፣ አሸዋ የተሞላ ጆንያ ይጫንበት። ከላይ በኩል በብረት ቀለበትና በገመድ ከታሰረ፣ ክረምት ሲመጣ ጠቅልላችሁ ማንሳት ትችላላችሁ፤ ጎርፉ ያልፋል፣ ስሩም ይደርቃል። ይህን ከሌሎቹ አታገኙትም። ጉድለቱ እሳት ነው። በር ላይ ቡና የምታፈሉ ከሆነ የከሰል ምድጃው በደንብ ይራቅ፤ ሸራው ይቀልጣል። አይጥም ይበሳዋል፣ ስለዚህ እህል የምትሸጡ ከሆነ ወደ ብሎኬቱ ወይም ወፍራሙ ቆርቆሮ አዘንብሉ።

ገንዘቡ ለዙሪያው ካልበቃ ነፋሱ የሚመጣበትን ጎንና ሁለቱን ዳርቻ አስቀድሙ። የሚወጣበትን ጎን ብቻ መዝጋት ግን ይብሳል። ገብቶ መውጫ ያጣ ነፋስ ወለሉን ከስር ይገፋል፣ አቧራውም ወደ ሱቁ ይወጣል። የቱ ጎን እንደሆነ ካልለያችሁ ሁለት ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ላስቲክ ከኮንቴነሩ ጥግ አስራችሁ ወዴት እንደሚወዛወዝ እዩ።

ከመዝጋታችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ ከስር ተመልከቱ። የመብራት ገመድ ተጎትቶ ካለፈ ወይም የውኃ ቱቦ ካለ መጀመሪያ በኤሌክትሪክና በቧንቧ ሠራተኛ አስተካክሉት። በዚያ በኩል ያለው ቁራጭ ለብቻው የሚከፈት ይሁን።