አርጎን ወይስ 7018? ኮምቦልቻ ላይ ብየዳ ቤት ለሚከፍት

ሥራህ ቱቦላሬ፣ በርና የመኪና ሻንሲ ከሆነ በኤሌክትሮድ፣ ማለትም እንደ 7018 ባለው ልባስ ያለው የብየዳ ዘንግ፣ ጀምር። አሉሚኒየም በብዛት የሚመጣብህ ከሆነ ግን የአርጎን ጋዝ ብየዳ ግድ ነው። ስቴንለስም በአርጎን ያምራል።

የሁለቱም ሥራ የቀለጠውን ብረት ከአየር መጠበቅ ነው። አርጎን ይህን የሚያደርገው ከምንም ጋር ባለመዋሃድ ነው። ዘመዱ የሆነው ዜኖን ጋዝ እንኳ በ1962 እ.ኤ.አ. ኬሚስቱ ኒል ባርትሌት ከፕላቲኒየም ሄክሳፍሎራይድ ጋር ሲያገናኘው እጁን ሰጥቶ ተዋህዷል። አርጎን ግን በብየዳ ሙቀትም ንቅንቅ አይልም።

7018 ላይ ደግሞ የሚሠራው ልባሱ ነው። ውስጡ ካልሲየም ካርቦኔትና ካልሲየም ፍሎራይድ አለ። ካርቦኔቱ ሲሞቅ ጋዝ ይሰጣል። ፍሎራይዱ ስላጉን (ልባሱ ቀልጦ ብየዳው ላይ የሚሠራውን ቅርፊት) ያቀጥነውና ብየዳው ላይ በደንብ ይዘረጋል። ሲበርድ በመዶሻ መታ መታ አድርገህ ታነሳዋለህ።

የ7018 ጠላቱ ርጥበት ነው። በተለይ ደሴ፣ በክረምቱ ጭጋግ፣ ፓኬቱ ተከፍቶ ካደረ ልባሱ ርጥበት ይጠጣል። ከርጥበቱ የሚወጣው ሃይድሮጅን ብረቱ ውስጥ ይገባና ከቀዘቀዘ በኋላ ይሰነጥቀዋል። ጭነት የሚሸከም ሻንሲ ላይ ይሄ የሰው ሕይወት ነው። ስለዚህ ማድረቂያ ምድጃውን ከኤሌክትሮዱ ጋር አብረህ ግዛ። ርጥበት የነካውን መልሶ ለማድረቅ ከ260 እስከ 430 ዲግሪ ሴልሺየስ ያስፈልጋል፤ ትክክለኛውን ልክ ፓኬቱ ላይ አንብብ።

የአርጎን ጠላት ነፋስ ነው። ደጅ ላይ ጋዙ ይበተንና ብየዳው ቀዳዳ በቀዳዳ ይሆናል። ወጪውንም አስላው፦ 40 ሊትር ሲሊንደር በ150 ባር ሲሞላ ወደ 6,000 ሊትር ጋዝ ይይዛል። በደቂቃ 10 ሊትር ከተጠቀምክ 10 ሰዓት ያህል ያሠራሃል። ሲሊንደሩን ሳትገዛ በፊት የት እንደምታስሞላው ጠይቅ።

ማሽኑ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ላዩ ላይ ያለው ኦክሳይድ ግን ከ2,000 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ይህን ሽፋን የሚገፍልህ ኤሲ (አቅጣጫው የሚቀያየር ኤሌክትሪክ) ነው። ዲሲ (አቅጣጫው የማይቀያየር) ብቻ ያለውን የአርጎን ማሽን ለአሉሚኒየም አትግዛ፤ ሻጩ ኤሲውን አብርቶ ያሳይህ።

አልፎ አልፎ ለሚመጣ አሉሚኒየም ብቻ ከሆነ ፍሎራይድና ክሎራይድ ልባስ ያለው የአሉሚኒየም ኤሌክትሮድ አለ። ስላጉን በሙቅ ውሃ አጥበህ ካላስለቀቅከው ብረቱን ይበላዋል።

የ7018 ጭስ ፍሎራይድ ስላለበት በርና መስኮቱን ክፈት። ታንከር ውስጥ ገብተህ በአርጎን ስትበይድ ደግሞ አየር የሚያስገባ ቬንትሌተርና ውጭ ሆኖ የሚጠብቅህ ሰው ይኑር። አርጎን ከአየር ስለሚከብድ ከታች ይተኛል፤ ሽታ ስለሌለውም ኦክስጅኑን ሲያሳጣህ አይታወቅህም።