አሮጌ ሞተር ሳይክል ከኋላ ከፍ ለማድረግ፦ ማራዘሚያ፣ ፎርጅድ ወይስ ደህና አሞርዛተር?

«የሞተሬ ሆድ መሬት እየነካ አስቸገረኝ፤ ማራዘሚያ ልግዛለት?» ጓደኞቼ ይህን ስንቴ እንደጠየቁኝ ቁጥሩ ጠፍቶኛል። መልሴ አንድ ነው፦ ተው። ሦስቱንም መንገድ በራሴ ኪስ ሞክሬያቸዋለሁ። የማወራው እንደ ሆንዳ ሲጂ 125 ከኋላ ግራና ቀኝ ሁለት አሞርዛተር (የመንገዱን ምት የሚያበርድ፣ ሞላና ዘይት ያለው ዘንግ) ስላላቸው ሞተሮች ነው።

ማራዘሚያ የሚሉት አሞርዛተሩ ከታች በሚታሰርበት በኩል በቡሎን የሚገጠም ቁራጭ ብረት ነው። ዋጋው ያማልላል፤ የደህና አሞርዛተር ሩብ እንኳ አይሞላም። ሁለት ቁልፍና ግማሽ ሰዓት ካላችሁ ራሳችሁ ትገጥሙታላችሁ። እኔም 5 ሳንቲሜትር የሚጨምረውን ገጠምኩ። ሞተሩ ቁመናው አማረ። ጉድጓድ ሲያገኝ ግን ያው ነው። የደከመው ሞላ እንደደከመ ነው፤ ከፍ ካለ ቦታ ይወድቃል እንጂ መውደቁን አልተወም። መሪውም ቀለለብኝ፤ ፈጠን ስል ይወዛወዛል። ኋላው ሲነሳ የፊቱ አሞርዛተር ይበልጥ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ቀጥ ሲል ለመታጠፍ ይፈጥናል፤ ቀጥታ መንገድ ላይ ግን አይረጋም።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ጭቃውን ሳጥብ የማራዘሚያው ቡሎን ጎብጦ አየሁት። ያን ቀን አወለቅኩት።

ቀጥሎ ፎርጅድ አሞርዛተር ገዛሁ። ያውም ሁለቴ። ከጎኑ ጋዝ ይይዛል የተባለ ወርቃማ ጠርሙስ የመሰለ ነገር ተለጥፎበታል፤ ያየው ሁሉ «ስንት ገዛኸው?» ይል ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ ዘንጉ በዘይት ረጠበ። ፓራኦሊዮ (ዘይቱ እንዳይወጣ የሚይዘውን ጎማ) ልቀይርለት ብል የሚፈታ አይደለም፤ አፉ ተጨፍልቆ ተዘግቷል። በንዴት በግራይንደር ቆረጥኩት። ወርቃማው ጠርሙስ ባዶ ነው። ባዶነቱስ ይቅር፣ ከዋናው ቱቦ ጋር የሚያገናኘው ቀዳዳ እንኳ የለም። ጌጥ ነው የገዛሁት።

ሂሳቡን እንምታው። ማራዘሚያ አንዴ፣ ፎርጅድ ሁለቴ፣ የሜካኒክ የእጅ ዋጋ ሁለቴ። ሲደመር የደህናውን ዋጋ አልፎ ትርፍ ነበረው። ደህናው ውድ ነው ብዬ የሸሸሁት እኔው ነኝ!

ሱቅ ስትገቡ ታዲያ ለቀለሙ አትደንግጡ። አሞርዛተሩን መሬት ላይ አቁሙና በሰውነታችሁ ክብደት ተጫኑት፤ ከዚያ በአንዴ ልቀቁት። ደህናው በዝግታ ይመለሳል። ዘሎ ከተመለሰ፣ ውስጡ የሚይዘው ዘይት የለም ማለት ነው፤ የገዛችሁት ሞላ ብቻ ነው። አፉንም እዩት። በማሰሪያ ቀለበት የተዘጋ ከሆነ ነገ ተፈትቶ ይጠገናል። ከተጨፈለቀ ሲያልቅ መጣል ነው።

እኔ አሁን የያዝኩት የሚፈታ ነው፤ ከድሮው 15 ሚሊሜትር ይረዝማል። ከ10 እስከ 20 ሚሊሜትር ይበቃል፤ ከዚያ በላይ አልመክርም። አሞርዛተሩ ዘመም ብሎ ስለሚቆም የሞተሩ ኋላ ከጨመራችሁት ትንሽ በለጥ አድርጎ ይነሳል። ርዝመቱን ከላይኛው ቀዳዳ መሃል እስከ ታችኛው መሃል ለኩ። የቀዳዳውን ስፋትም አትርሱ፤ 10፣ 12 እና 14 ሚሊሜትር ያለው አለ። በሮንዴላና በጨርቅ ሞልቶ የሚያስር ሜካኒክ አይቻለሁ።

ዋናው ግን ሞላው ነው። ብዙ ጊዜ ሆዱ መሬት የሚነካው ሞተሩ አጭር ሆኖ ሳይሆን ሞላው ደክሞ ስለተኛ ነው። ጎማውን ከመሬት አንሱና ከጎማው መሃል እስከ መቀመጫው ስር ለኩ። ከዚያ አውርዳችሁ ተቀመጡበትና ሌላ ሰው ይለካላችሁ። ልዩነቱ ጎማው ከሚንቀሳቀሰው አንድ ሦስተኛ ገደማ ይሁን፤ 9 ሳንቲሜትር የሚንቀሳቀስ ከሆነ 3 ያህል። ከዚያ በጣም ከበለጠ ጠንከር ያለ ሞላ ፈልጉ። ታች ያለውን ቀለበት በማጥበቅ ሞላው አይጠነክርም፤ ተቀምጣችሁበት ከፍ ይላል እንጂ ጥንካሬው ያው ነው። ይህን ለማስረዳት ከስንቱ ጋር ተጨቃጭቄያለሁ!

ትልቅ ጎማስ ለምትሉ፣ መከላከያውን እንዳይፈትግ ለኩ። ከፍታው ትንሽ ነው፤ ሞላውንም አይተካም።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ደግሞ የኋላ ጎማውን በሁለት እጅ ይዛችሁ ወደ ጎን ነቅንቁት። የሚንቋቋ ከሆነ የጎማው ኩሽኔታ ወይም የክንዱ (የኋላ ጎማውን ይዞ ከሞተሩ አካል ጋር የሚያያይዘው ብረት) ቡሽ አልቋል። አንድ ጓደኛዬ «አሞርዛተሬ ሞተ» ብሎ መጣ፤ የሞተው ቡሹ ነበር። ቶርኖ ቤት አስቆርጦ በአንድ አሞርዛተር ዋጋ አምስት ጥንድ ማስቀየር ይችል ነበር።

ከገጠማችሁ በኋላ ካቴናው መወጠሩን እዩ፤ ኋላው ሲነሳ ይለወጣል፣ ክንዱንም ሊፈትግ ይችላል። የጎን መቆሚያውም አጭር ይሆናል። የእኔ ሞተር ሁለቴ ወደ ጎን ተጋድማ አገኘኋት፤ ከዚያ ነው ከመቆሚያው እግር ስር ጠፍጣፋ ብረት ያስበየድኩላት።