የአየር ሞተር ለመግዛት፦ የምላስ ወይስ የፒስተን?

የአየር ሞተር በታመቀ አየር ግፊት የሚዞር ሞተር ነው፤ ስለዚህ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ የሚገዛው ሰው መጀመሪያ መመርመር ያለበት አየሩን የሚያምቀውን ኮምፕሬሰር ነው። በ6 ባር የአየር ግፊት የሚሠራ ባለ 1 ፈረስ ጉልበት የምላስ ሞተር በደቂቃ 850 ሊትር ገደማ አየር ይፈጃል፤ ይህንን ሳያቋርጥ ለመመገብ ከ7 እስከ 8 ፈረስ ጉልበት ያለው ኮምፕሬሰር ያስፈልጋል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ስስ ነው፤ ኮምፕሬሰሩ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው አየር ከባሕር ዳርቻው በክብደት ሩብ ያህል ያንሳል። የሀረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ጉድለቱ ወደ አንድ አምስተኛ ቢጠብም አይጠፋም፤ ስለዚህ ኮምፕሬሰሩን አንድ ደረጃ ከፍ አድርጎ መግዛት ይሻላል።

ጎሚስታዎች ቡለን በሚፈቱበት የአየር መሣሪያ ውስጥ ያለው የምላስ ሞተር ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ ከመሐል ፈቀቅ ብሎ የተቀመጠ ተሽከርካሪ አለ፤ በስንጥቆቹ ውስጥ የሚንሸራተቱትን ስስ ምላሶች አየሩ እየገፋ ያዞረዋል። ቀላልና ርካሽ ሲሆን በደቂቃ በሺዎች የሚቆጠር ዙር ይዞራል፤ በዝግታ ሲዞር ግን ምላሶቹ ግድግዳውን አጥብቀው ስለማይነኩ አየር በጎናቸው ያመልጣል። የፒስተን ሞተር በአንጻሩ ከባድና ውድ ቢሆንም ከመነሻው ጉልበት አለው፤ በዝግታም ሲሠራ አየር አያባክንም። ለጋራዥና ለብረታ ብረት ሥራ የምላሱን፣ ከባድ ዕቃ ለማንሳት የፒስተኑን እመርጣለሁ። ሁለቱም ጭነት በዝቶባቸው ቢቆሙ እንደ ኤሌክትሪክ ሞተር ጥቅልላቸው አይቃጠልም፤ ቀለምና ቤንዚን በሚተንበት ቦታም የብልጭታ ስጋታቸው አነስተኛ ነው። ይህ ችግር የሌለበት ሰው ግን የኤሌክትሪክ ሞተር ቢገዛ ወጪው በእጅጉ ይቀንስለታል።

ጥገናው ላይ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። የፒስተኑ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ የራሱን ዘይት በሆዱ ስለሚይዝ መጠኑን እያዩ መሙላትና በጊዜው መቀየር ነው። የምላሱ ግን ዘይት የሚያገኘው ከሚገባው አየር ጋር ነው። አንድ ጊዜ ባለቤቱ «ደክሟል» ብሎ ያመጣውን ሞተር ስከፍት ከአራቱ ምላሶች ሁለቱ ቡናማ ጭቃ በመሰለ ነገር ስንጥቃቸው ውስጥ ተጣብቀው አገኘሁ፤ ለካስ የመኪና ሞተር ዘይት ይጨምርበት ኖሯል፣ የኮምፕሬሰሩን ታንክ ውኃም ለወራት አላፈሰሰም። በነጭ ጋዝ ታጥበው ቀጭን ዘይት ሲነካቸው ምላሶቹ በራሳቸው ክብደት መንሸራተት ጀመሩ፤ የሚለወጥ ዕቃም አልነበረም። ለዚህ ሥራ የሚሆነው የአየር መሣሪያ ዘይት ቁጥር 32 ነው፤ ማታ ሥራ ሲያበቃ በአየር መግቢያው አራት አምስት ጠብታ ጨምሮ ለጥቂት ሰከንድ ማዞር ምላሶቹን ከዝገት ይጠብቃል። ታንኩ በየቀኑ ይፍሰስ፤ በቀዝቃዛው የደሴ ጠዋት የተረፈው እርጥበት በሞተሩ መውጫ ላይ በረዶ ሠርቶ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ፊልትሮና ዘይት አጠጪውም በተቻለ መጠን ለሞተሩ ቀርበው ይገጠሙ፤ ቱቦው ሲረዝም ዘይቱ በመንገድ ይቀራል።

ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት ሻጩ ምላሶቹን ለብቻቸው ይሸጥ እንደሆነ ይጠይቁት፤ ሲያልቁ ሁሉም በአንድ ላይ ስለሚለወጡ፣ መለወጫ ከሌለ ርካሹ ሞተር ሙሉ በሙሉ እንደገና ይገዛል።