ለአሮጌ ጭነት መኪና የትኛው ቀበቶ ይሻላል?

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን ቁልቁል የሚወርድ አሮጌ ኤንትሬ (የፊያት ጭነት መኪና) ውስጥ ሾፌሩ ያለ ቀበቶ ከተቀመጠ፣ የሚይዘው መሪው ብቻ ነው። ቀበቶ ላስገጥም የሚል ባለንብረት ሦስት ምርጫ አለው። ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ግን ምንጣፉን ገልጦ የጋቢናውን ወለል ይይ። ዝገት በበላው ላሜራ ላይ የታሰረ ቀበቶ ሲጋጭ ከነብሎኑ ይነቀላል።

በወገብ ብቻ የሚታሰረው ርካሽ ነው፤ ወለሉ ላይ ግራና ቀኝ ሁለት ቦታ ይበቃዋል። መኪናው ሲገለበጥ ሰው ተወርውሮ እንዳይወጣ ያደርጋል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ደረትን ግን አይይዝም፤ ሰፊው መሪ ደግሞ እዚያው ደረት ፊት ነው። መሐል ለሚቀመጥ ረዳት ይሁን እላለሁ፣ ለሾፌር ግን አልመክረውም።

ትከሻንም የሚይዘው፣ ኒልስ ቦሊን በ1959 እ.ኤ.አ. ለቮልቮ የሠራው ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ፣ የእኔ ምርጫ ነው። አስቸጋሪው የላይኛው ማሰሪያ ነው። ከበሩ ኋላ ያለው ምሰሶ ስስ ስለሚሆን ከጀርባው ወፍራም ብረት ይደገፍ። ማሰሪያው ከትከሻ ዝቅ ካለ በግጭት ጊዜ አከርካሪን ወደ ታች ይጫናል። ቀበቶውን የሚጠቀልለውና በግጭት ጊዜ የሚቆልፈው መጠቅለያ ደግሞ አምራቹ ባዘዘው አቋም ይገጠም፤ አዘንብሎ ከተገጠመ ያለ ምክንያት እየቆለፈ ሾፌሩን ያማርረውና ቀበቶውን ማሰር ይተዋል። በተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 16 መሠረት እስከ 12 ዲግሪ ዝንባሌ ድረስ መቆለፍ የለበትም፤ ስለዚህ በትክክል ከተገጠመ ቁልቁለቱ አያስቸግረውም።

ምሰሶው ጨርሶ የማያስተማምን ከሆነ ቀበቶው አብሮት የተሠራ ወንበር ይገዛል። ውድ ነው፤ የግጭቱ ጉልበትም ሁሉ በወንበሩ እግር ስለሚያልፍ ወለሉ መጠናከሩ አይቀርም።

ከተጋጨ መኪና የተፈታ ቀበቶ በነጻ ቢሰጥም አይወሰድ። የቀበቶውን ጨርቅ እስከ መጨረሻው ስበው ይዩት፦ የቀለጠ የሚመስል የሚያብለጨልጭ መስመር ወይም የተበጠሰ ስፌት ካለ አንዴ ሰው ይዞበታል፣ ሁለተኛ አይታመንም። በአዲሱም ላይ ይህን ደንብ ማለፉን የሚያሳይ፣ በክብ ውስጥ የታተመ የላቲን «E» ምልክት ይፈልጉ።

ገንዘቡ ለአንድ ሥራ ብቻ ከበቃና የፍሬን ሸራው ካለቀ፣ ሸራው ይቅደም። ቀበቶው በሚቀጥለው ጭነት ሒሳብ ይገባል፤ ቀበቶው ከመታሰሩ በፊት ግን በያጁ ወለሉን ይጠግን።