ግቢ ልታሠሩ ያሰባችሁ የባህር ዳር ሰዎች፣ ከመፈረማችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ክረምት ሳይገባ ግቢያችሁን ልታሠሩ የምትሯሯጡ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። እኔም አምና ይሄኔ እንደናንተ ስሯሯጥ ነበር። ልጄ ሰኔ መጨረሻ ላይ ሊመረቅ ነው፤ ዘመድ ከአዴትም ከደብረ ታቦርም ይመጣል። ግቢዬ 6 በ9 ሜትር ነው፤ 54 ካሬ። ሰው የሚቀመጥበት፣ ቡና የሚፈላበት፣ ማታም መብራት ያለው ቦታ ፈለግሁ።

ግቢውን የሚሠራልኝን ሰው በቴሌግራም ነው ያገኘሁት። ስም አልጠራም። እንዲህ የሚሠራ እሱ ብቻ አይደለምና፤ ሁለት ጎረቤቶቼ በሌላ ሰው እጅ ያው ደርሶባቸዋል። መጥቶ ለካ፣ በማግስቱ በስልኩ ሥዕል አሳየኝ። መሐል ላይ ጎጆ፣ ጥግ ላይ ፏፏቴ፣ የሲሚንቶ መቀመጫ፣ ዙሪያውን አበባ። «እናቴ፣ ጣና ዳር ያለ ሪዞርት ነው የማስመስልልዎት» አለኝ። ሥዕሉ ያምር ነበር። 420,000 ብር ተስማማን። 70 በመቶውን ቅድሚያ ከፈልኩ።

እስቲ ውሉን ልንገራችሁ፤ ማስጠንቀቂያዬ እዚያ ውስጥ ነው ያለው። ሊሾው በካሬ ተጽፏል። ጎጆው በቁመትና በወርድ ተጽፏል። መብራቱ በቁጥር፣ ፏፏቴው ከነሞተሩ ተጽፏል። መጨረሻው መስመር ላይ «አረንጓዴ ሥራ፦ 18,000 ብር» ይላል። በቃ። ምን ዓይነት ተክል? ስንት? የአፈሩ ጥልቀት ስንት? ምንም የለም። እኔም አልጠየቅሁም። ሰውየው የሚያተርፈው ከሲሚንቶውና ከብረቱ ነው፤ ስለዚህ ግቢውን የሚከፋፍለው በሲሚንቶ ልክ ነው። ተክል የሚደርሰው ትርፍራፊው ነው።

ከሥራ ስመለስ ዘይቱኔ ተቆርጦ ጠበቀኝ። አሥራ አራት ዓመት የኖረ ዛፍ ነው። ልጆቼ ከትምህርት ቤት ሲመጡ መጀመሪያ የሚወጡት እሱ ላይ ነበር። ጌሾውም ተነቅሏል። «ጎጆው አይታይም ብለን ነው» አሉኝ። ጎጆው የተሠራው እኮ ጥላ እንዲሰጥ ነው! ጥላ ነበረኝ። ሁለት የቡና ተክሎች ብቻ ተረፉ፣ እነሱም ከዘይቱኑ ሥር የነበሩት ናቸው። ዘጌ የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ እዚያ ቡናው ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው የሚኖረው። የኔዎቹ በአንዴ ፀሐይ ላይ ወጡ። ቅጠላቸው ከዳር እየነደደ መጣና አንዱ ደረቀ።

ለምርቃቱ ግቢው ደረሰ። ሰው ሁሉ አደነቀ። ፎቶ ተነሳን።

ከዚያ ሐምሌ ገባ። ከ54 ካሬው 45ቱ ሊሾ ሆኗል። ለተክል የቀረው በሁለቱ አጥሮች ሥር 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላት መስመር ናት። የባህር ዳርን የሐምሌ ዝናብ ታውቁታላችሁ። 40 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 45 ካሬ ሊሾ ላይ 1,800 ሊትር ውኃ ይወርዳል፤ ዘጠኝ በርሜል ማለት ነው። ድሮ ይህን አፈሩ ይጠጣው ነበር። አሁን የሚጠጣው የለም። ሊሾው ደግሞ ትንሽ ያዘነበለው ወደ ቤቱ ነው። ሌሊት ተነስቼ እግሬን ሳወርድ ምንጣፉ ውኃ ላይ ነበር። ንጣፍ ከቤቱ በተቃራኒ በአንድ ሜትር ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ማዘንበል አለበት። ይህን ማንም ግንበኛ ያውቀዋል። ውሉ ላይ ግን አልነበረም።

ጽጌረዳዎቹ በነሐሴ መጠውለግ ጀመሩ። በዝናብ መሐል! አንዷን ይዤ ብስባት ያለ ምንም ትግል ወጣች። ሥሯ አሁንም ጥቁሩ የችግኝ ፕላስቲክ ውስጥ ነው፤ ሳይቀደድ ነው የተከሏት። ሥሩ መውጫ አጥቶ ፕላስቲኩ ውስጥ እንደ ክር ተጠቅልሏል። ጉድጓዱን በእጄ ቆፈርኩት። ላዩ ላይ አራት ጣት ጥቁር አፈር አለ። ከሥሩ የብሎኬት ስባሪ፣ የደረቀ ሲሚንቶ፣ የሲሚንቶ ከረጢት፣ ሚስማር። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ ብል አጋነንሽ አትበሉኝ። ለአበባና ለቁጥቋጦ ቢያንስ 40 ሳንቲ ሜትር ጥሩ አፈር ያስፈልጋል፤ ለዛፍ ከዚያም በላይ።

በዚያች ጠባብ መስመር ላይ ፊከስና ዘንባባም ተክለውልኛል። ዋናው ጎዳና ላይ ያሉት ዘንባባዎች የሚያምሩት ቦታ ስላላቸው ነው። ፊከስ ደግሞ ሥሩ አጥርም ቧንቧም የሚፈነቅል ዛፍ ነው። ከፍሳሽ ጉድጓዴ አንድ ሜትር እንኳ አይርቅም ነበር። አስነቀልኩት።

ፏፏቴው መብራት ሲጠፋ ይቆማል፤ ውኃውም እንደተኛ ይቀራል። መስከረም ላይ ጎንበስ ብዬ ሳይ ውስጡ ትንንሽ ዕጮች ይወራጫሉ። ትንኝ ከእንቁላል ተነስታ ክንፍ እስክታወጣ አንድ ሁለት ሳምንት ይበቃታል። ከክረምት በኋላ ወባ በሚበረታበት ከተማ፣ መኝታ ቤቴ መስኮት ሥር! በዚያው ቀን አስደፈንኩት። ትንሽ ግቢ ላላችሁ ፏፏቴ በፍጹም አልመክርም።

ስልክ ስደውል መጀመሪያ «እናስተካክላለን እናቴ» አለኝ። ኋላ ማንሳት አቆመ። የሰጠኝ ደረሰኝ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ነው፤ ማኅተም የለው፣ የግብር ከፋይ ቁጥር የለው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለምንገዛው ዕቃም ሆነ አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶናል። ግን ምን እንደገዛሁ የሚያሳይ ወረቀት ሳይኖረኝ ምኑን ይዤ ልቁም?

ጥር ላይ 25 ካሬውን ሊሾ አስፈረስኩ። ስባሪውን ማስጫኛ፣ ጥቁር አፈርና ፍግ ማስመጫ፣ ሁሉም ሁለተኛ ወጪ ነው። ሰኔ ሲገባ እተክላለሁ። ለመቀመጫ ያስቀረሁት 20 ካሬ ነው፣ እሱም ተርፎኛል። አሥር ሰው ክብ ሠርቶ ቡና ለመጠጣት 3 ሜትር ተኩል በ3 ሜትር ተኩል ይበቃል፤ 12 ካሬ ገደማ። ይህን ወንበር ደርድሬ፣ ረከቦቱንም አስቀምጬ ለክቼዋለሁ። እናንተም ሰው ሳትጠሩ በፊት ወንበራችሁን አውጡና ለኩት። በዓመት አንዴ ለሚመጣ መቶ ሰው ድንኳን መከራየት ይቻላል።

አሁን ለመፈረም የተዘጋጃችሁ፣ ተክሉ በስምና በቁጥር ይጻፍ። የአፈሩ ጥልቀት ይጻፍ፤ ሳይተከል በፊት ቆፍራችሁ እዩት። ችግኙ ሲተከል ቆማችሁ ፕላስቲኩ ሲቀደድ ተመልከቱ። የውኃው መውረጃ ወዴት እንደሆነ ይጻፍ፤ ሊሾው እንዳለቀ አንድ ባልዲ ውኃ ደፍታችሁ ሞክሩት። ከሊሾ ይልቅ በአሸዋ ላይ የሚደረደር ንጣፍ ጠይቁ፣ በመገጣጠሚያው ውኃ ያሰርጋል። ክፍያው በየደረጃው ይሁን። የመጨረሻው ክፍያ ደግሞ ችግኙ አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ ይሁን ብላችሁ ተከራከሩ፤ እምቢ ካለ ሌላ ሰው ፈልጉ።

ቅድሚያ ከፍላችሁ ሥራው ያልተጀመረም ካላችሁ፣ ዛሬውኑ ደውሉለት። ግቢያችሁ ውስጥ ያለው ዘይቱን፣ ማንጎ፣ ቡና፣ ጌሾ አንድም እንዳይነካ ውሉ ላይ አስጽፉ፤ እስኪፈርምበት ድረስ ቆፋሪ አታስገቡ።