ባለ 266 ናኖሜትር ኤንዲ-ያግ ሌዘር ለመድኃኒት ፎቶኬሚስትሪ፦ ምን ያህል ያዋጣል?

ኤንዲ-ያግ ሌዘር በራሱ የሚያወጣው በዓይን የማይታይ የ1064 ናኖሜትር ጨረር ነው። መጀመሪያ አንድ ክሪስታል ወደ 532 (አረንጓዴ) ይለውጠዋል፤ ቀጥሎ ሌላ ክሪስታል፣ ብዙውን ጊዜ ቢቢኦ፣ ወደ 266 አልትራቫዮሌት ያደርሰዋል። በፎቶኬሚስትሪ፣ ማለትም ብርሃን በሚያመጣው ኬሚካዊ ለውጥ ጥናት፣ መድኃኒቱን የሚነካው ይህ የመጨረሻው ጨረር ነው። የፎቶኖቹ (የብርሃን ቅንጣቶቹ) ጉልበት በሞል 450 ኪሎ ጁል ገደማ ሲሆን ክሎሪንን ከቤንዚን ቀለበት ጋር የሚያስረው ትስስር 400 ያህል ነው። የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሆነው ክሎርፕሮማዚን በዚህ ጨረር ሲመታ ክሎሪኑን ጥሎ ፕሮማዚን ለመሆን የሚያስፈልገው ጉልበት አለ ማለት ነው። ሃይድሮክሲፕሮማዚን፣ ሰልፎክሳይድና ጥንድ ሞለኪውሎችም አብረው ይፈጠራሉ።

የመሣሪያው ትልቁ ብልጫ ፎቶን ለመቁጠር መመቸቱ ነው። በሰከንድ 10 ምት፣ በምት 6 ሚሊ ጁል የሚሰጥ ሌዘር በሰከንድ 8×10¹⁶ ገደማ ፎቶን ይልካል። በሚሊ ሊትር 2 ሚሊ ግራም ክሎርፕሮማዚን ሃይድሮክሎራይድ ያለበት 2 ሚሊ ሊትር ሙሙት ውስጥ ደግሞ 6.8×10¹⁸ ሞለኪውል አለ። ለእያንዳንዱ ሞለኪውል አንድ ፎቶን ለማድረስ 85 ሰከንድ ይበቃል። የተዋጠ ፎቶን ሁሉ ለውጥ ስለማያመጣ ናሙናው ከደቂቃዎች እስከ 4 ሰዓት ይመታል። አራቱ ሰዓት 144,000 ምት ነው፤ ፍላሽ ላምፑ (ሌዘሩን የሚያነሣው የብልጭታ መብራት) የሚያረጀው በምት ቁጥር ስለሆነ ሒሳቡን ከመጀመሪያው ቀን መያዝ ያስፈልጋል።

ሥራ ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው ኩቬቱ (ናሙናው የሚቀመጥበት ትንሽ ግልጽ ዕቃ) ዘንድ ነው። በዚህ ክምችት ክሎርፕሮማዚን ብርሃኑን ከአንድ ሚሊ ሜትር ባነሰ ውፍረት ውስጥ ውጦ ይጨርሰዋል። ማግኔቲክ ማማሰያ ከሌለ የፊተኛው ንብርብር ብቻ ደጋግሞ ይመታል፤ የተፈጠረው ምርት ራሱ ይፈርሳል፣ የኋላው ሙሙት ግን እንደነበረ ይቀራል። በመስኮቱ ላይ ቡናማ ቅብ ከታየ ጨረሩ ወደ ውስጥ መግባቱን እየቀነሰ ነውና አቁሞ ማጽዳት ነው። ኩቬቱ ኳርትዝ መሆን አለበት፤ ተራ ብርጭቆ 266ን አያሳልፍም። በአሴቶን ታጥቦ በደንብ ካልደረቀ ደግሞ አሴቶን ራሱ እዚያው አካባቢ ብርሃን ይውጣል፣ የተቀበለውንም ጉልበት ለመድኃኒቱ ሊያስተላልፍ ይችላል። በሜታኖል ማጠብ ይሻላል። ክሎሪን ሲለቀቅ አሲድ ስለሚፈጠር በንጹሕ ውኃ የተዘጋጀ ናሙና ፒኤች ይወርዳል፤ ፎስፌት በፈር ይህን ይገታል፣ ብርሃኑንም አይሻማም። ናይትሮጅን ከተነፋበትና ካልተነፋበት ናሙና ጎን ለጎን መሥራት የኦክስጅንን ድርሻ ይለያል። በጨለማ የተቀመጠ ማነጻጸሪያም አይቅር።

ከሌዘሩ በኩል ቅሬታችን ሁለት ነው። የመጨረሻው ክሪስታል ለሙቀት ስስ ስለሆነ ጉልበቱ እስኪረጋ ግማሽ ሰዓት ያህል ማሞቅ ይጠይቃል፤ ቀድሞ የጀመረ ሰው የመጀመሪያው መረጃ የማይታመን ይሆናል። ሁለተኛው የአረንጓዴውና የ1064 ቅሪት ነው። በሙቀት የሚሠራ የጉልበት መለኪያ ሦስቱንም ደምሮ ያነባል፤ ስለዚህ ከመለካት በፊት 266ን ብቻ የሚያንጸባርቁ መስተዋቶች ወይም መለያ ፕሪዝም መኖር አለበት።

ባለ 254 ናኖሜትር የሜርኩሪ መብራት በርካሽ ተቀራራቢ ሥራ ይሠራል። ብዛት ላለው ናሙና እኛም መብራቱን እንመርጣለን። ለጥቂት ማይክሮ ሊትር ወይም ለአንድ ጠብታ ግን ሌዘሩን የሚተካ የለም። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ የ5 ናኖሰከንድ ምት ቅጽበታዊ ኃይሉ አንድ ሜጋ ዋት ያልፋል፤ ጨረሩ በሌንስ ከተሰበሰበ ሞለኪውሉ በአንድ ምት ሁለት ፎቶን ውጦ ኤሌክትሮን ሊያጣ ይችላል። ያ መብራት የማያሳየው ኬሚስትሪ ነው። ጉልበቱን በግማሽ ቀንሶ ጊዜውን በእጥፍ ማርዘም ተመሳሳይ ውጤት ካልሰጠ ጨረሩን ማስፋት ይገባል።

በሩማንያ ማጉሬሌ ያሉ ተመራማሪዎች በ2013 ባወጡት ሥራ በዚሁ 266 ጨረር የተመታ ክሎርፕሮማዚን ባክቴሪያን የሚገታ ድብልቅ እንደሚሆን አሳይተዋል። አዲስ ሞለኪውል ለሚፈልግ ሰው ሌዘሩ የሚያስከብረው እዚህ ነው። ለመደርደሪያ ዕድሜ ምርመራ ግን አንመክረውም። የመድኃኒቶች የብርሃን ጽናት ምርመራ ዓለም አቀፍ መመሪያ የሆነው አይሲኤች ኪው1ቢ የሚጠይቀው ቢያንስ 1.2 ሚሊዮን ሉክስ ሰዓትና በካሬ ሜትር 200 ዋት ሰዓት የቅርብ አልትራቫዮሌት ነው፤ ይህም በተወሰነለት መብራት ይሠራል። የደም ግፊት መድኃኒት የሆነው ኒፈዲፒን ምክንያቱን ይናገራል፦ በቀን ብርሃን በዋናነት የናይትሮሶ ውጤት፣ በአልትራቫዮሌት ደግሞ የናይትሮ ውጤት ይሰጣል። በ266 የተገኘው በመስኮት አጠገብ የተቀመጠ ኪኒን ላይ ስለሚሆነው ላያስረዳ ይችላል።

መነጽር ሲገዛ 266ን ብቻ ሳይሆን 532ንና 1064ንም የሚከለክል መሆኑ ይረጋገጥ። አልትራቫዮሌቱ የዓይንን ፊተኛ ክፍል ያቃጥላል፤ ቅሪቶቹ ግን ሬቲና ድረስ ይዘልቃሉ።