ክብደት ከማስነሳቷ በፊት ስለ እንቅልፌ ለጠየቀችኝ አሰልጣኝ

ይህ ጽሁፍ ምስጋናም ጥቆማም ነው። ጂም ሳትቀሩ እየሄዳችሁ፣ አመጋገባችሁንም እያስተካከላችሁ፣ ጡንቻችሁ ግን አልጨምር ያላችሁ ሰዎች ብታነቡት ደስ ይለኛል። በተለይ ቤት ውስጥ የታመመ ሰው የምታስታምሙ፣ ወይም የሥራ ሐሳብ አልጋ ድረስ የሚከተላችሁ።

እኔ ሁለቱም ነበረብኝ። እናቴን ይዘን ሆስፒታል የምንመላለስበት ጊዜ ነበር፤ መሥሪያ ቤት ደግሞ ዓመታዊ ሂሳብ የሚዘጋበት ወቅት። ልምምዱን አላቋረጥኩም። ፕሮቲኑንም ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቴ በቀን 1.6 ግራም ገደማ እየቆጠርኩ እበላ ነበር። ያም ሆኖ ስኳት (ብረት ትከሻ ላይ አድርጎ ቁጢጥ ብሎ መነሳት) ላይ ድሮ ለማሟሟቂያ ያህል የማነሳው ክብደት ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ ጉልበቴ ይከዳኝ ጀመር። የማማክረው ሰው ሁሉ «ጨምርበት፣ ግፋ» ይለኛል። በዚህ መሀል ነው አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከዚህች አሰልጣኝ ጋር ያገናኘኝ።

የመጀመሪያ ቀን ብረት አላስነካችኝም። ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና መጠየቅ ጀመረች። ስንት ሰዓት ትተኛለህ? ሌሊት ትነቃለህ? ከነቃህ በኋላ መልሶ ይወስድሃል? የመጨረሻውን ቡና የምትጠጣው መቼ ነው? ቀጥላም ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ቤት ሰላም ነው?» አለችኝ። እስከዚያ ቀን ስለ ስኳቴ ያማከርኩት ሰው ሁሉ ይህን ጠይቆኝ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ የነገረችኝን ጉዳዩን ለማያውቅ ሰው ሁሉ ብትነግርልኝ እወዳለሁ። ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞን ከኩላሊቶቻችን በላይ ካሉት እጢዎች ይመነጫል። በራሱ ክፉ ነገር አይደለም፤ ጠዋት ከፍ ብሎ ያነቃናል፣ ወደ ማታ እየቀነሰ ይሄዳል። ችግሩ የሚመጣው ጭንቀቱ ሳያባራ ሲቀርና ሆርሞኑ በሚወርድበት ሰዓት አልወርድ ሲል ነው። አንዱ ሥራው ፈጣን ጉልበት ማዘጋጀት ስለሆነ የጡንቻን ፕሮቲን ወደ አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚሠራባቸው ቅንጣቶች) ይሰብራል፤ ጉበት ደግሞ ያንን ወስዶ ስኳር ይሠራበታል። እኔ ጂም ውስጥ የምለፋለትን ነገር ሰውነቴ ሌሊት ሊያፈርሰው ይችላል ማለት ነው።

ይህን ከራሷ አውጥታ አልነበረም የምትናገረው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ አንድ ጥናት ላይ 135 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለ12 ሳምንታት ክብደት አንስተው ነበር። በኑሯቸው ጭንቀት ያልበዛባቸው ቤንች ፕሬስ (በጀርባ ተኝቶ ብረት ወደ ላይ መግፋት) እና ስኳት ላይ ጭንቀት ከበዛባቸው በላይ ጨመሩ። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ አንዲት ሌሊት ጨርሶ ሳይተኙ ማደር ጡንቻ አዲስ ፕሮቲን የሚሠራበትን ፍጥነት በ18 በመቶ ቀነሰው። ይህን ስሰማ ሆስፒታል ወንበር ላይ ያነጋኋቸው ሌሊቶች ናቸው የታወሱኝ።

ፕሮግራሜን ስትቀይር የዙሮቹን ብዛት ቆረጠች፤ ክብደቱን ግን ብዙም አልነካችውም። የተገነባን ጡንቻ ለማቆየት፣ ሲገነባ ከነበረው ያነሰ ሥራ ይበቃል፤ ክብደቱ በቂ እስከሆነ ድረስ። በየዙሩም አቅሜ እስኪሟጠጥ እንዳልገፋ፣ ሁለት ሦስት ድግግሞሽ እንዳስቀር አዘዘችኝ። ይህ አሠራር በጣም ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ኑሮ በከበደበት ወር ጂም ውስጥ ራስን መጨረስን እንደ ጀግንነት የሚያወድሱ አሰልጣኞች ሰው ይጎዳሉ።

አንድ ቀን ሌሊቱን እናቴ ጋ አድሬ በቀጥታ ወደ ልምምድ ሄድኩ። ምንም አልነገርኳትም። ከጎን ቆማ ብረቱ ከታች ሲነሳ ትመለከታለች። ሁለተኛው ድግግሞሽ ላይ ብረቱ መሀል ላይ ሲዘገይ አየችው፤ እንድመልሰው በእጇ ምልክት ሰጠችኝና ከግራም ከቀኝም አንዳንድ ክብ ብረት አወረደች። «ዛሬ በዚህ ጨርስ» አለችኝ። ስጨርስ ወለሉ ላይ በጀርባዬ አስተኛችኝ፤ እግሮቼን አግዳሚው ላይ፣ አንድ እጄን ሆዴ ላይ። አራት እየተቆጠረ በአፍንጫ ማስገባት፣ ስድስት እየተቆጠረ ማስወጣት። በደቂቃ ስድስት ትንፋሽ ይሆናል። ቆጣሪዋ እሷ ነበረች። እጄ ሆዴ ላይ ከፍ ዝቅ ሲል እያየሁ መንጋጋዬ ላላ፤ ጥርሴን ነክሼ እንደነበር ያወቅኩት ያኔ ነው። ከዚያ ወዲህ ማታ ከመተኛቴ በፊት እንደዚያው አደርጋለሁ።

ሌላው ትንንሽ ነገር ነው። ከቀትር በኋላ ቡና የለም፤ ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታልና። የመነሻ ሰዓት በዕረፍት ቀንም አይለወጥም። ስልክ ከመኝታ ክፍል ውጭ ያድራል፤ እኔ ግን የሆስፒታል ጥሪ ስለምጠብቅ ከእናቴና ከእህቴ በቀር ሁሉንም ድምፅ እንዳጠፋ ተስማማን። ደንቧን ከሰው ኑሮ ጋር የምታስማማበት መንገድ ደስ ይለኛል።

ከሁሉ በላይ የማከብራት ግን በዚህ ነው፤ እንቅልፍ ማጣቱ አልቆም ሲለኝ «ይሄ ከእኔ ሙያ በላይ ነው፣ ባለሙያ ማየት አለብህ» ብላ ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ላከችኝ። ኮርቲሶል ይቀንሳል የሚባል እንክብል ልግዛ ወይ ብዬ ስጠይቃትም «መጀመሪያ እንቅልፍህን እናስተካክል» አለችኝ። እስከ ዛሬ አንድ ነገር ግዛ ብላኝ አታውቅም።

እናቴ አሁን ደህና ናት፣ ምስጋና ለፈጣሪ። ስኳቴም ከቆመበት አልፏል፤ ሸሚዜ ትከሻው ላይ ጠቦኛል። የእናቴ መዳን ምን ያህሉን እንዳገዘ ለይቼ ማስቀመጥ አልችልም፤ የማነሳው ክብደት መጨመር የጀመረው ግን እናቴ ገና ከሆስፒታል ሳትወጣ ነው።

አሰልጣኜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በዚያ ጊዜ ስለ እኔ እንዲህ አስበሽ የሠራሽውን አልረሳውም።

ለውድድር በአጭር ጊዜ መድረስ የሚፈልግ ሰው ሌላ አሰልጣኝ ቢፈልግ ይሻለዋል፤ እሷ ቀስ ብላ ነው የምትሄደው። ኑሮው ከብዶበት ሰውነቱ እምቢ ላለው ግን ያለ ምንም ማመንታት እጠቁማታለሁ። ስሟ በአደባባይ እንዲወጣ ስለማትፈልግ በውስጥ ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ስለማትይዝ ተራ ልትጠብቁ ትችላላችሁ። ከመሄዳችሁ በፊት የአንድ ሳምንት እንቅልፋችሁን፣ የተኛችሁበትንና የነቃችሁበትን ሰዓት፣ በወረቀት ጻፉ፤ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።